ልጁ ስንት ደቂቃ ተናገረ? «ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ላይ ደጋግሞ መጣብኝ። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ ላከችልኝ። ቀጥሎ የአንድ ተማሪዬ አባት ላኩልኝ፤ «ቲቸር፣ እስቲ ያንብቡትና ምን ይላሉ? ትንሿን ልጄን ዘንድሮ ኬጂ ላስገባት ነው» ብለው። ሦስተኛ ጊዜ ከእህቴ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

ጽሑፉ ስለ ዓለም አቀፍ ቋንቋዎችና ስለ አዳዲስ የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴዎች ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህን ይላል። የዓለም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ልጆቻችን ከኬጂ ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማሩ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወደቀው በእንግሊዝኛ ድክመት ነው። ሲንጋፖርና ሩዋንዳ በዚህ መንገድ ሄደው ተሳክቶላቸዋል፤ ካናዳም ልጆችን በማያውቁት ቋንቋ አስተምራ ውጤት አግኝታለች። ልጅ ስፖንጅ ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ ግን ቋንቋ አይገባም። ለመምህር እጥረቱ አፕና ሰው ሠራሽ አስተውሎት መፍትሔ ይሆናሉ። እስከዚያው ድረስ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አማርኛ መከልከል ይጠቅማል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። 12 ዓመት አስተምሬያለሁ። እንጀራዬ እንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ አቀላጥፈው እንዲናገሩ ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። ከጸሐፊው ጋር በግቡ አንለያይም፤ የምንለያየው በመንገዱ ነው። እሳቸው ያሉት ቢፈጸም ብዙ ልጅ ይጎዳል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ። እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ መሆኑን አልክድም። አብዛኛው የምርምር ጽሑፍ፣ የአብራሪዎች ንግግር፣ የኮምፒውተር ሥራ በእሱ ነው። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው አንድ ትልቅ ዝላይ ዘለሉ። ቋንቋው የዓለም ከሆነ የትምህርቱ ሁሉ ቋንቋም እሱ ይሁን አሉ። በመካከሉ ያለውን ድልድይ ግን አላሳዩንም።

አዲስ አበባ ለገሃር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። በዚያን ዘመን የዓለም ቋንቋ ለእኛ ፈረንሳይኛ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በፈረንሳይኛ ነበር የሚሠራው። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛ ትልቅ ቦታ ነበረው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። አውሮፓም ቢሆን እንዲሁ ነው። ኒውተን ትልቁን የፊዚክስ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው በላቲን ነበር። ስለ ብርሃን የጻፈውን በ1704 ያሳተመው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የዓለም ቋንቋ ይቀያየራል። ጃፓንና ኮሪያ ልጆቻቸውን ፊዚክስ የሚያስተምሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ራሱን እንደቻለ ትምህርት ይሰጣሉ። መኪናውንም ስልኩንም ሠርተው ሸጡልን። እዚህ ነጥብ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ትልቁ ጉዳይ ቀጥሎ ያለው ነው።

ጸሐፊው የ12ኛ ክፍልን ውጤት እንደ ዋና ማስረጃ ያቀርባሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ያሳምማልም። ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ ጥያቄውን ሳይረዳ እንደሚወድቅም አውቃለሁ። እስከዚህ አብረን ነን።

ግን እነዚህ ልጆች በምን ቋንቋ ነበር የተማሩት? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የተማሩት። አዲስ አበባ ያሉት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። በደቡብ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብለው የጀመሩ ነበሩ። ስለዚህ የወደቁት በእንግሊዝኛ ሲማሩ የኖሩ ልጆች ናቸው። ችግሩ ምን እንደሆነ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

አምና አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። የሒሳብ መምህሯ «ስሌት ላይ ጎበዝ ናት፤ ጥያቄው በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ትጠፋለች» አለኝ። የፈተና ወረቀቷን ይዤ አብረን ተቀመጥን። ጥያቄው ስለ አንድ ገበሬ አጥር ነበር። ርዝመቱ «አት ሊስት» 40 ሜትር መሆን አለበት ይላል። «ይህን እንዴት ተረዳሽው?» አልኳት። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሊስት ዝርዝር አይደል ቲቸር? ዝርዝሩ የት እንዳለ አጣሁት» አለችኝ።

«ቢያንስ ማለት ነው» አልኳት በአማርኛ። ቀና ብላ አየችኝ። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሠርታ ጨረሰች። ልክ ነበረች።

ይህች ልጅ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ስትማር ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ። «አት ሊስት»ን ያስተማራት ግን የለም። ለምን? ያስተማሯት መምህራን ራሳቸው ማንም ሰው በወጉ እንግሊዝኛ አላስተማራቸውም። ይህን ስል ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ያለፍኩበት ነው። ጸሐፊው የሚሉት ግን ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ሁሉንም በእነዚሁ መምህራን በኩል ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንድናደርገው ነው። እንዲያ ቢሆን ይህች ልጅ «ቢያንስ» የሚለውን ሐሳብ ራሱን በማንም ቋንቋ ሳታገኘው ትቀር ነበር። አሁን ሐሳቡ አላት፤ የጎደላት ስሙ ብቻ ነው። ስም መጨመር ቀላል ነው። ሐሳብ ከሌለ ግን ስሙን የምታንጠለጥልበት የለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በማስተማሪያ ቋንቋ ላይ ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቀረበ። በካትሊን ሂዩ የተመራው ቡድን የየክልሉን የ8ኛ ክፍል ውጤት አነጻጸረ። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት ልጆች በሒሳብና በሳይንስ፣ በእንግሊዝኛ ከተማሩት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። በእንግሊዝኛ መማር በራሱ እንግሊዝኛን እንደማያሻሽልም አሳይቷል። ናይጄሪያ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1970 ኢፌ በምትባል ከተማ የተጀመረ ሙከራ ነበር። በባብስ ፋፉንዋ የሚመራ ነው። ልጆቹ ስድስቱን የመጀመሪያ ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በዮሩባ ተማሩ፤ እንግሊዝኛን ደግሞ ለዚሁ የሠለጠነ መምህር ለብቻው አስተማራቸው። በመጨረሻ ሲለኩ በእንግሊዝኛ ከተማሩት እኩዮቻቸው አላነሱም፤ እንዲያውም በለጡ። በእንግሊዝኛም ጭምር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙትን አንድ እውነት መመስከር አለብኝ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርታችንም ደህና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ከተጻፈ አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ያስደነግጣል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው የአፍ መፍቻው አልሠራም» ይላሉ። እኔ ከዚሁ ቁጥር ተቃራኒውን ነው የማየው። አንድ ልጅ «በግ» የሚለውን ማንበብ ሳይችል «ሺፕ» የሚለውን እንዲያነብ ስናዘው ከድጡ ወደ ማጡ እየወሰድነው ነው። «በግ»ን ቢያነብ ቢያንስ በጉን ያውቀዋል። ንባብ አንዴ ነው የሚለመደው። በሚያውቀው ቋንቋ የለመደ ልጅ ወደ ሌላው ይዞት ይሻገራል።

ወደ አገሮቹ ምሳሌ እንሂድ። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ አድርጋለች። ትክክል ነው። ግን የልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋም ግዴታ የሚማረው ትምህርት ነው፤ ማንዳሪን፣ ማላይ ወይም ታሚል። ደግሞም በ2020 ቆጠራ 48.3 በመቶው ነዋሪ ቤቱ ውስጥ አዘውትሮ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ የሰማውን ሱቅም፣ አውቶቡስም፣ እራት ላይም ይሰማዋል። ደብረ ታቦር ወይም ወላይታ ሶዶ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ እንግሊዝኛው እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። ሁለቱን እንዴት እናወዳድራለን?

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመዞር ወሰነች። መምህራኑ ግን የሠለጠኑት በፈረንሳይኛ ነበር። በ2011 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ወደ አገሬው ቋንቋ ወደ ኪንያርዋንዳ መለሰች። በ2019 መጨረሻ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ወሰደቻቸው። በ11 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መዞር ማለት ነው። ይህን «ተሳክቶላታል» ለማለት ይከብደኛል። ጸሐፊው ያልጠቀሷት ማሌዥያም አለች። በ2003 ሒሳብና ሳይንስን ወደ እንግሊዝኛ አዛወረች። የገጠር ልጆች ወደኋላ ቀሩ የሚል ቅሬታ በዛ። በ2009 ውሳኔውን ልትሽር መሆኑን አስታወቀች።

የካናዳው ምሳሌ ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰው በቁንጽል ነው የሚጠቅሰው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ሞንትሪያል አጠገብ ባለች ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻችን ፈረንሳይኛ በደንብ ይልመዱ ብለው ጠየቁ። ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ በፈረንሳይኛ ጀመሩ። ተሳካ። አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱ። የልጆቹ የቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ በአህጉሩ ኃይለኛው ቋንቋ ነው፤ የትም አይጠፋም። መምህራኑ ፈረንሳይኛን ጥርሳቸውን የነቀሉበት ናቸው። እንግሊዝኛም ይሰማሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝኛ ሲመልሱ ማንም አልተቆጣቸውም፤ መምህሯ ሰምታ በፈረንሳይኛ ትመልስላቸዋለች። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የእንግሊዝኛ ንባብ ተጨመረላቸው። ወላጆቹ የፈለጉት በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ነበር። ጸሐፊው የሚሉት ደግሞ አንዱን ነጥቀን ሌላውን እንስጥ ነው። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው።

«ልጅ ስፖንጅ ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ ቋንቋ አይገባም» የሚለውን ሳነብ የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። በ23 ዓመቷ ቤሩት ሄደች። አንድ የአረብኛ ቃል አታውቅም ነበር። መጀመሪያ የለመደቻቸው ቃላት ትእዛዞች ነበሩ፤ «ጂቢ»፣ «ሩሂ»፣ «ያላ»። አምጪ፣ ሂጂ፣ ቶሎ በይ። በዓመቷ ከጎረቤት ሠራተኞች ጋር ታወራለች። በሦስተኛው ዓመት ገበያ ላይ ዋጋ ትከራከራለች፤ ስልክ ላይ ትቆጣለች፤ ትቀልዳለች። የከፈለችበትን ዋጋ እሷ ናት የምታውቀው፤ መንገዱን ለማንም አልመኝም። ግን በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤሩት ኩሽና ውስጥ ካደጉ በኋላ ቋንቋ የለመዱ ስንት ሺህ እህቶች አሉን? እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችንስ? ትልልቅ ሰዎች ኡልፓን የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብተው ዕብራይስጥ ሀ ብለው ጀመሩ። «አይገባም» የሚል ሰው እነሱን አላየም።

በጥናትም ቢሆን ባርሴሎና ላይ ካርመን ሙኞዝ የምትመራው ቡድን ይህንኑ ለዓመታት ተከታትሏል። በ8 ዓመታቸው እንግሊዝኛ የጀመሩትንና በ11 ዓመታቸው የጀመሩትን እኩል ሰዓት ከተማሩ በኋላ አወዳደሩ። በአብዛኛው መለኪያ የተሻሉት ዘግይተው የጀመሩት ነበሩ። ትንሽ ልጅ በአነጋገር ዜማ ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ግን እሱም ቋንቋው ቀኑን ሙሉ ሲከበው ነው። በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ ራሱ ቋንቋውን እየፈራ ከሚያስተምር መምህር፣ ስፖንጅም ቢሆን የሚጠጣው ውሃ የለም።

አሁን ወደ አዲሱ ዘዴ። ጸሐፊው ይህን ክፍል በታላቅ ተስፋ ነው የጻፉት። አፕ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስክሪን። መምህሩ ቢያንስም ማሽኑ ይሞላዋል ይላሉ። እኔ ይህን ተስፋ አውቀዋለሁ። አንዴ ኖሬበታለሁ።

በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ ገባ። ከሰሌዳው አጠገብ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ትልቅ ስክሪን ቆመ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። በዚያን ጊዜ ይህ ለእኛ ተአምር ነበር። ሰፈር ውስጥ ቲቪ ያላቸው ቤቶች የሚቆጠሩ ናቸው፤ እኛ ክፍላችን ውስጥ አለን። የመጀመሪያው ቀን ሳጥኑ ሲከፈት አጨበጨብን።

የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት በፍጥነት ትናገራለች። ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። ማንም አልመለሰም። ትቀጥላለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ «ምን አለች?» ይለኛል። እኔ ከፊቴ ያለችውን እጠይቃለሁ። እሷም ከፊቷ ያለውን። ጥያቄው እስከ መጀመሪያው ወንበር ይሄዳል፤ መልስ ግን ተመልሶ አይመጣም። መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። ማስቆም አይችልም፤ ሳተላይት ነው። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ፤ በማግሥቱ የሚመጣው ቀጣዩ ነው። ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ስንት እንደሆነ ሳስብ አንድም አይመጣልኝም። ያ ልጅ በዚያው ዓመት ትምህርት አቋረጠ። ምክንያቱ ብዙ ነበር። ግን «ምን አለች?» ሲል የነበረው ፊቱ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

የዛሬው ማሽን ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይጠብቃል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ከፕላዝማ በጣም ይሻላል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ስልኬን ከትንሽ ስፒከር ጋር አያይዤ ንግግር አሰማቸዋለሁ፤ አቆማለሁ፤ ምን ሰማችሁ እላለሁ። ጎበዝ ተማሪ ስልክና ዳታ ካለው ማታ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ቢለማመድ ደስ ይለኛል። ግን ጸሐፊው መምህር ያልሞላውን ማሽን ይሞላዋል ሲሉ ክፍሌን አላዩትም። 62 ተማሪ አለኝ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት የእናታቸውን ስልክ ነው፤ እሱም እናት ማታ ከሥራ ስትመጣ ነው የሚገኘው። መሣሪያዎቹ ራሳቸው ለእኛ ቋንቋዎች ዘግይተው ነው የመጡት። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አፋን ኦሮሞና ትግርኛ የገቡት በ2022 ነው። ዱዎሊንጎ በሚባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ ላይ ስዋሂሊና ዙሉ መማር ይቻላል፤ በአማርኛ እየተብራራ እንግሊዝኛ የሚማሩበት ኮርስ ግን የለም። ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ «አት ሊስት»ን «ቢያንስ» ብሎ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያውም ግራ የገባት ቃሉ መሆኑን ከፊቷ አይቶ።

አዲስ ዘዴ ማለት አዲስ ዕቃ መሆን የለበትም። እዚሁ አገራችን ያለውን ቅኔ ቤት ተመልከቱ። ተማሪው ግዕዝን ንባብ ቤት ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙን ሳያውቅ ነው የሚያነበው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ግሱን ያጠናል። ከዚያ ለብቻው ዛፍ ሥር ይቀመጥና የራሱን ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ስንኝ ያላት ጉባኤ ቃና፤ ቀጥሎ ሦስት ስንኝ ዘአምላኪየ፤ እያለ እስከ መወድስ። ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርመዋል። የትናንቱን መድገም የለም፤ በየቀኑ አዲስ ነው። ማንም በአፉ በማይነጋገርበት ቋንቋ ሰው አዲስ ሐሳብ እንዲፈጥር ያደረገ ዘዴ ነው። ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም። ተማሪው ራሱ ያወጣል፤ ያወጣውን የሚሰማ ሰው አለ።

እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ለማድረግ የሞከርኩት ደቂቃ ቆጥሬ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። 20ውን እኔ ባወራ 20 ይቀራል። ለ62 ተማሪ ስናካፍለው ለአንዱ 20 ሰከንድ አይሞላም። ያውም አንድ በአንድ ቢነሱ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ቢነጋገሩ ግን በዚሁ 20 ደቂቃ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይናገራል። ምንም ወጪ የለውም። ጫጫታ አለው፤ መጀመሪያ ሰሞን ከጎን ያለው ክፍል መምህር በሩን አንኳኩቶ «ሰላም ነው?» ብሎኛል። መጀመሪያ ምን ሊሉ እንደፈለጉ በአማርኛ ይመካከራሉ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ይሞክራሉ። እኔ በመካከላቸው እየዞርኩ እሰማለሁ። የማርመው ሁሉንም አይደለም፤ መግባባት ያቃታቸውን ነው። ይህን ለመሥራት ግን መምህሩ ራሱ መናገር የማይፈራ መሆን አለበት። ስለዚህ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መምህሩ ላይ ይዋል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ታብሌት ከመግዛት በፊት ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር አንድ ክረምት ሙሉ የሚናገርበት ሥልጠና ቢሰጥ እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ነጥብ አማርኛ መከልከል ነው። ይህን ሳነብ ተናደድኩ፤ አልደብቅም። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ አማርኛ ስታወራ ስሟ ተጽፎ ነበር። ጓደኛዋ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ «ተነሺ፣ አይዞሽ» ስላለቻት ነው። በእንግሊዝኛ «አይዞሽ» እንዴት እንደሚባል አታውቅም ነበር። ቤት መጥታ «ዝም ማለት ነበረብኝ?» ብላ ጠየቀችን። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም፤ አሮጌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያዋ ዌልስ ውስጥ የአገሬውን ቋንቋ ዌልሽን ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ላዩ ላይ «ደብሊው» እና «ኤን» የሚባሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸውበታል፤ ዌልሽ አይፈቀድም ማለት ነው። ልጁ ሌላ ተናጋሪ ሲያገኝ ለእሱ ያስተላልፈዋል። ቀኑ ሲያልቅ እንጨቱ አንገቱ ላይ የተገኘው ይቀጣል። ዛሬ ዌልስ ያንን በኀፍረት ነው የምታስታውሰው። በዌልሽ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ከፍታለች፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2050 አንድ ሚሊዮን ተናጋሪ ለማድረስ ዕቅድ ይዛለች። የዌልስ ልጆች እንግሊዝኛም አልጎደለባቸውም። እነሱ ጥለውት የሄዱትን እንጨት እኛ ለምን እናነሳለን?

ጽሑፉን የላኩልኝ አባት መልስ እየጠበቁ ነው። እዚሁ ልመልስልዎ። ትንሿን ልጅዎን ማታ ማታ በአማርኛ ተረት ይንገሯት፤ መጽሐፍ ካለ ያንብቡላት። ፊደል በደንብ ትቁጠር። እንግሊዝኛውን ትማር፤ ዘፈኑን፣ ጨዋታውን፣ ቃላቱን። ትምህርት ቤት ሲመርጡ ግን ግቢው ግድግዳ ላይ የተጻፈውን አይዩ። ዩኒፎርሙንም አይዩ። ዳይሬክተሩን «10 ደቂቃ ክፍል ውስጥ ላስቸግራችሁና ልቀመጥ» ይበሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡና ሰዓትዎን ይያዙ። መምህሯ ስንት ደቂቃ አወራች? ልጆቹ ስንት ደቂቃ? አንዱ ልጅ ተሳስቶ ሲናገር ምን አለችው? ስቃበት ከሆነ ይውጡ። ሰምታው እንደገና እንዲሞክር ካደረገች እዚያ ያስመዝግቧት።